ከአሥራ አንዱ ሰባቱ

ዶክተር ሲራክ ቃላቸውን ያጠፉት ማክሰኞ ነው። የዓለምዘርፍ የሰማችው ረቡዕ፣ ያውም ከሰው አፍ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የፓርቲው ጸሐፊ ሆና፣ ማኅተሙን በቦርሳዋ ይዛ ስትዞር የኖረች ሴት የገዛ ፓርቲዋን ውሳኔ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ከወሬ ትስማ? ይኼ ያበግናል እንጂ ምን ያደርጋል!

ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሴቨን ኮርነርስ በሚባለው ሰፈር በምትሠራበት ፋርማሲ፣ ከኋላው ክፍል ቆማ ክኒን እየቆጠረች ሳለ ኪራኮስ ኮል አደረገላት። ኪራኮስ የፓርቲው የቨርጂኒያ ክንፍ ሰብሳቢ ነው። ሊሞ ይነዳል፤ ኤርፖርት ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ሁሉ ፖለቲካ ያወራል። ገና «ሄሎ» ሳትለው ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ሰውዬሽ ሸጡን» አላት።

«የቱ ሰውዬ?»

«ስንት ሰውዬ አለሽ? ዶክተር ናቸዋ! ናይሮቢ ሊሄዱ ነው፤ ከመንግሥት ጋር ሊደራደሩ። ሰባት እስረኛ ይፈታላቸዋል አሉ።»

«ሰባት? አሥራ አንድ አይደሉም እንዴ?»

«እኮ!»

ክኒኑን ስንት ላይ እንዳደረሰችው ጠፋባት። እንደገና ከአንድ ጀመረች።

ነገሩን ከሥሩ ካላወራሁት አይገባም። ወገግታ የሚባለው ፓርቲ ሀገር ቤት አባላት አሉት፤ ጭንቅላቱ ግን ያለው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሀገር ቤት ካሉት አባላት አሥራ አንዱ በአንድ ሳምንት ተለቅመው ታሰሩ። ወዲያው ጉባኤ ተጠራ። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ሦስት መቶ ሰው ፊት፣ ሊቀ መንበሩ ዶክተር ሲራክ ተነሡና፣ «አሥራ አንዱም በአንድ ቀን፣ በአንድ በር ሳይወጡ እኔ ከእነዚህ ሰዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ብቀመጥ ሰው አትበሉኝ!» አሉ። አዳራሹ ተናወጠ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ትልልቅ ወንዶች አለቀሱ። የዓለምዘርፍ ቃለ ጉባኤ ትይዝ ነበርና እሷም እያለቀሰች ቃል በቃል ጻፈችው።

ለምን አታለቅስ? ከአሥራ አንዱ አንዱ ታናሽ ወንድሟ ዓብዩ ነው። የፊዚክስ አስተማሪ ነበር፤ ከትምህርት ቤትና ከቤቱ ሌላ የማያውቅ ሰው። ፓርቲው ውስጥ ማን ጎትቶ አስገባው? እሷው ናት። እሑድ እሑድ እየደወለች ሦስት ወር ነዘነዘችው። «እኔ ፖለቲካ አልችልም፣ የዓለምዬ» ሲላት፣ «እኔ እዚህ ሆኜ ስለፋ አንተ እዚያ ቁጭ ብለህ ዝም ትላለህ?» ብላ አሳፈረችው። ገባ፤ በሰባተኛው ወር ታሰረ። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ሩሃማ ማክሰኞ ማክሰኞ ሁለት ልጆቿን አስከትላ ትጠይቀዋለች። የዓለምዘርፍ ይኼን ባሰበች ቁጥር አንጀቷ እርር ይላል። እንቅልፍ የሚያስተኛት የዶክተሩ ቃል ብቻ ነበር።

ረቡዕ ከሥራ እስክትወጣ ድረስ ዲያስፖራው ለሁለት ተከፍሎ ጠበቃት። የሜሪላንዶቹ፣ «ፖለቲካ ማለት ይኼ ነው፤ ሰባት ሰው ማስፈታት ቀላል መሰላችሁ?» ይላሉ። የቨርጂኒያዎቹ «ባንዳ» ከሚለው ጀምረው ወደማይጻፈው ወረዱ። ውድብሪጅ ያለ አንድ አባል ላይቭ ገብቶ የአባልነት መታወቂያውን በክብሪት ሲያቃጥል የቤቱ የጭስ አላርም ጮኸበትና፣ ሁለት ሺህ ሰው እያየው ወንበር ላይ ወጥቶ በፎጣ ያራግብ ጀመር። ሌላ ጊዜ ቢሆን የዓለምዘርፍ በሳቅ ትሞት ነበር። ያን ቀን ግን ደጋግማ የምታነበው የዶክተሩን መግለጫ ነበር። «ሰባቱን የመረጠው መንግሥት ነው፤ የቀሩት አራቱ በሁለተኛው ዙር ይወጣሉ» ይላል። የሰባቱ ስም ከሥሩ ተዘርዝሯል። ዓብዩ የለበትም።

ዶክተሩ ታዲያ ብድግ ብለው መሄድ አይችሉም። በፓርቲው ሕግ ዘጠኙ የሥራ አስፈጻሚ አባላት ድምፅ መስጠት አለባቸው፤ ውሳኔው በጸሐፊዋ እጅ ታትሞ መንግሥትንና ፓርቲውን ለሚያገናኙት አደራዳሪዎች ይላካል። እሑድ ካልተላከ ናይሮቢም የለ፣ የሚፈታ እስረኛም የለ። ኪራኮስ ሒሳቡን ሠርቶ ጨርሷል።

«አራት ለአራት ነን» አላት ሐሙስ ዕለት። «ዘጠነኛዋ አንቺ ነሽ። ሰውዬው እጅሽ ላይ ናቸው፤ እሑድ እንጨርሳቸው!»

«እስቲ ልተንፍስበት» አለችው።

እውነቱን ለመናገር በዶክተሩ መጨከን አቅቷት ነበር። የመረጠው መንግሥት ከሆነ ሰውየው ምን ያድርጉ? ለዓብዩ አልቅሰውለታል፤ በዓይኗ አይታለች። እንዲያውም ሐሙስ ማታ ለሩሃማ ደውላ፣ «ዶክተር የሆነ ነገር ያውቃሉ፤ ዝም ብለው የሚያደርጉት ነገር የለም» ብላት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። ከፈተች። ዶክተር ሲራክ! በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ላንድማርክ ሰፈር ያለውን አፓርትመንቷን ረግጠው የማያውቁ ሰው፣ ከረባታቸውን አሥረው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ከጎናቸው ጋሽ ልሳነወርቅ ከዘራቸውን ተደግፈዋል። እኚህ ደርግ ሲገባ የተሰደዱ የድሮ ዳኛ ናቸው፤ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። በዚህ አካባቢ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ማኅበር ሲቃቃር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን «አይሆንም» ብሎ ከደጅ የመለሰ ሰው እስካሁን አልተሰማም፤ ዶክተሩም ይኼን አሳምረው ያውቃሉ።

ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ውሃ አቀረበችላቸው።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ፣ «ነገ ድምፅ ትሰጫለሽ። የመሰለሽን ስጪ፤ እሱ የራስሽ ነው። ግን ቂም ይዘሽ አትግቢ። ይኸው ቤትሽ ድረስ መጥቷል፤ ይቅር በይው።»

የሽማግሌ ነገር እንግዲህ እንዲህ ነው። ዛሬ ሽማግሌ ፊት «ይቅር ብያለሁ» ያለ ሰው ነገ ስብሰባ ላይ ቆሞ ያንኑ ነገር ቢያነሣ ነውረኛ ይባላል። ዶክተሩ ጋሽ ልሳነወርቅን ይዘው የመጡት ለይቅርታው ብቻ እንዳልሆነ የዓለምዘርፍ ገብቷታል። አይ ብልጠት! ግን ምን ትበል? ሽማግሌው ሰባት ፎቅ ወጥተው መጥተዋል።

«ይቅርታውስ ይሁን፣ ጋሼ» አለች። «በፊት ግን ዶክተር ያስረዱኝ። ሦስት መቶ ሰው ፊት ያሉትን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «የዓለምዘርፍ፣ አሥራ አንዱን ብዬ ብጠብቅ አሥራ አንዱም እዚያው ያረጃሉ። እኔ እምቢ ብል የድርድሩን ወንበር ለሌላ ፓርቲ ይሰጡታል፤ እኛ እዚህ ዩቲዩብ ላይ ስንጮህ እንቀራለን። የሚኒሶታ ክንፋችን ሊገነጠል ነበር፤ አትላንታም እንደዚያው። ሰባት ሰው ከወጣ ፓርቲው ይተርፋል። ቃሌን በልቻለሁ፤ አልክድም። ግን ሰባት ቤት ይስቃል።»

ይኼን ሲሉ አንደበታቸው አልተሳሰረም፤ ያሉትም እውነትነት አለው። ልቧ ሊለሰልስላቸው ጀመረ።

«እንግዲህ መንግሥት ዓብዩን ለይቶ ጠልቶት ነው» አለች ለራሷ ያህል። «እኔን ሊጎዳ ይሆናል።»

ጋሽ ልሳነወርቅ ግራ ገባቸው። «መንግሥት? መንግሥት ምን አደረገ? ስሞቹን የላካችሁት እናንተ ናችሁ እኮ። አደራዳሪዎቹ ሰባት ስም ብቻ ስጡን ሲሉ ደብዳቤውን እዚህ ላለው ተወካያቸው በእጄ ያደረስኩት እኔ ነኝ። አንቺው ፈርመሽበት የለ እንዴ?»

«ጋሼ...» ብለው ዶክተሩ እጃቸውን አነሡ። ዘግይተዋል። ሽማግሌው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ዳኛ አይደሉ? በእጃቸው ያለፈውን ወረቀት ሁሉ ኮፒ ያስቀራሉ።

ማኅተሙ የእሷ ነው። ፊርማውም የእሷ ነው። ሰባት ስም ተጽፏል፤ ዓብዩ የለም። ቀኑ ከሁለት ወር በፊት ነው።

ያኔ ትዝ አላት። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ፣ ሁለቱ ብቻ በዶክተሩ መኪና ውስጥ ነበሩ። «ይቺን አትሚልኝ፣ ለአደራዳሪዎቹ ናት» ብለው የፊርማው ቦታ ብቻ እንዲታይ አድርገው የታጠፈ ወረቀት ሰጧት። «ከፈለግሽ አንብቢያት» ብለዋትም ነበር እኮ! እሷ ናት፣ «ኧረ ዶክተር፣ እርስዎ ያዩትን እኔ ምን ልጨምርበት!» ብላ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ፈርማ ያተመችው። የሚያከብሩት ሰው ፊት ደብዳቤ ዘርግቶ ማንበብ «አላመንኩዎትም» ማለት መስሎ ታያት። ፋርማሲ ውስጥ የአንዲት ብልቃጥ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ሳታነብ የማትሰጥ ሴት፣ የወንድሟን ነገር ይሉኝታ ይዟት ሳታነብ አተመች።

«ለምን?» አለች። «ለምን ዓብዩን?»

ዶክተሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «አንድ ቀን ነበር የሰጡኝ። በአንድ ቀን ሰባት ስም። የሚኒሶታ ሰዎቻችንን ሁለት ዘመዶች ካላስገባሁ ክንፉ ይሄዳል። የአትላንታዎቹንም ሦስቱን እንደዚያው። የፀደይን ባል ካላስገባሁ ፀደይ ድምፅ አትሰጠኝም፤ ፊት ለፊት ነግራኛለች። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰባት ሞላ። አንቺ ግን...»

«እኔ ግን ምን?»

«አንቺ የትም አትሄጂም ብዬ ነው። አንቺን ከራሴ ለይቼሽ አላውቅም።»

አቤት! ሰው እንዲህ ተብሎ ይመሰገናል? ዘጠኝ ዓመት አንድ ስብሰባ አልቀረችም፤ አንድ ቀን አላኮረፈችም። ብታኮርፍ ኖሮ፣ እንደ ሚኒሶታዎቹ «እገነጠላለሁ» ብላ ብታስፈራራ ኖሮ፣ ዓብዩ ቤቱ ይገባ ነበር። ታማኝነቷ ነው ወንድሟን እስር ቤት ያስቀረው።

ጋሽ ልሳነወርቅ ከዘራቸውን ፈልገው ተነሡ። «ይኼን ሸሽገህ ነው ሽማግሌ አድርገህ ያመጣኸኝ?» አሉ ወደ ዶክተሩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ይቅር በይው ያልኩትን አንሥቻለሁ። እኔን ግን ይቅር በይኝ።» በሩን ራሳቸው ከፍተው ወጡ። ዶክተሩም አንገታቸውን ደፍተው ተከተሏቸው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኪራኮስ በመኪናው ወሰዳት። ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ እስኪጨርስ ሲፎክር ሄደ። ስለ ደብዳቤው አልነገረችውም፤ ብትነግረው መንገድ ዳር አቁሞ ላይቭ ይገባ ነበር።

«የዛሬው ድምፅሽ ታሪክ ነው» አላት። «ዛሬ ለወንድምሽ ትበቀዪለታለሽ።»

እሷ በመስኮቱ ታያለች። «አይሆንም» ካለች ሰባቱ ይቀራሉ፣ ዓብዩም ይቀራል። «ይሁን» ካለች ሰባቱ ይወጣሉ፣ ዓብዩ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ በእሷው እጅ ይቀራል። ከላንድማርክ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ሌላ መንገድ ስትፈልግ ሄዳ አጣች።

የተሰበሰቡት ከአንድ ላይብረሪ በተያዘ ክፍል ነው። ገና ኮሪደሩ ላይ የሥራ አስፈጻሚ አባሏ ፀደይ እጇን ያዘቻት። ፊቷ አባብጧል።

«የዓለምዬ፣ ቀና ብዬ ላይሽ አፈርኩ» አለቻት በሹክሹክታ። «አስፈራርቻቸዋለሁ። ባሌ ካልወጣ ፓርቲውን አፈርሳለሁ ብያቸዋለሁ። ልጄ አባቷን የምታውቀው በፎቶ ነው፤ ምን ላድርግ? አንቺስ ምነው ዝም አልሽ? ምነው አንቺም ባስፈራራሽ!»

የዓለምዘርፍ እጇን ጨበጥ አድርጋላት ገባች።

ዶክተሩ በአጭሩ ተናገሩ፤ ዓይናቸው ከወረቀቱ አልተነሣም። ኪራኮስ በረጅሙ ተናገረ፤ ሁለት ጊዜ ጠረጴዛ መታ። ከዚያ እጅ ተነሣ። አራት ለ«ይሁን»፣ አራት ለ«አይሆንም»። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

የዓለምዘርፍ ብድግ አለች። «ሰባቱን የመረጠው መንግሥት አይደለም» አለች። «ዶክተር ናቸው። የፈረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሳላነብ ፈረምኩ፤ ሳላነብ ነው ብል ግን ፊርማው አይጠፋም።»

ክፍሉ ተተረማመሰ። ኪራኮስ «ወይ ጉድ! ሰማችሁ? ሰማችሁ?» እያለ ስልኩን አወጣ። አንዱ «ውሸት ነው በሉ፣ ዶክተር!» ብሎ ለመነ።

«አልጨረስኩም» አለች። «ስልክህን አስቀምጥ፣ ኪራኮስ። አራቱ ስለቀሩ ሰባቱም ይቅሩ አልልም። የእኔ ሰው ቀረ ብዬ የፀደይን ሰው አላስቀርም። ድምፄ ይሁን ነው።»

«የዓለምዘርፍ!» አለ ኪራኮስ። «ከዚህ ሁሉ በኋላ?»

«ከዚህ ሁሉ በኋላ።»

«እንግዲያው አንቺም ከሳቸው አትሻዪም!» ብሎ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። መኪናውም አብሮት ሄደ።

ውሳኔውን አቀረቡላት። ሁለት ገጽ ነው። ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ አነበበችው። ሰዎቹ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ የላይብረሪዋ ሠራተኛ በበሩ ብቅ ብላ ጊዜው እንዳለቀ አሳወቀች። የዓለምዘርፍ ጨርሳ አተመች። ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ «ሌላ ጸሐፊ ፈልጉ» አለችና ቦርሳዋን አነሣች። ፀደይ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ዶክተሩ ኮሪደሩ ላይ ደረሱባት።

«አውቅ ነበር» አሏት ቀስ ብለው።

«ምኑን?»

«ይሁን እንደምትዪ። ማንም ቢከዳ አንቺ ሰባት ሰው እንደማታስቀሪ አውቅ ነበር።»

እያመሰገኗት ነው እኮ! ይኼ ሰው ሲያሰላ አልተሳሳተም፤ መጀመሪያም አልተሳሳተም፣ ዛሬም አልተሳሳተም። በጥፊ ብትላቸው ደስ ይላት ነበር፤ አስተዳደጓ እጇን ያዘው።

«ሁለተኛ እንዳያውቁኝ፣ ዶክተር» አለችና ወጣች።

ውጭው ፀሐይ ነው። የአውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተቀመጠች፤ ወኔዋ ሳይከዳት ሩሃማ ጋ ደወለች። እዚያ መሽቷል። ሩሃማ አንዴ እንኳ ሳያቃጭል አነሣችው።

«የዓለምዬ! እዚህ ሰፈሩ ተበጥብጧል፤ ሰባቱ ይወጣሉ እየተባለ ነው። የዓብዩ ስም የለም ያሉኝ ሰዎች አሉ። ውሸት ነው አይደል? ዶክተር የሆነ ነገር ያውቃሉ ብለሽኝ የለ?»

«እውነት ነው፣ ሩሃማ። የለም።»

ከወዲያ የልጆች ድምፅ ይሰማል፤ ትልቁ ታናሹን «ዝም በል» ይለዋል።

«ማነው ያስቀረው?» አለች ሩሃማ።

«መንግሥት» ብትል ማንም አያጣራም። «ዶክተር» ብትልም ግማሽ እውነት ነው። የዓለምዘርፍ ዓይኗን ጨፈነች።

«የመረጡት ዶክተር ናቸው። ወረቀቱን የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ። ይሉኝታ ይዞኝ ሳላነበው ፈረምኩ።»

ሩሃማ አልጮኸችም። ምነው በጮኸች፣ ምነው በሰደበቻት! «ማክሰኞ መጠየቂያ ነው» አለች። «ምን ልበለው?»

«ይኼንኑ ንገሪው። አንዲት ነገር እንዳትደብቂው። እህትህ ናት የፈረመችው በይው።»

«አያምነኝም» አለች ሩሃማ። «ባለፈው ማክሰኞ ሰዎች ሊፈቱ ነው የሚል ወሬ እስር ቤቱ ገብቶ ነበር። ምን አለኝ መሰለሽ? ለሚቀሩት ሰዎች ሚስቶች አዘነላቸው። ለእኔ አታስቢ፣ እኔ እዚያ እህት አለችኝ አለኝ።»